ደሴ ላይ ሰፈርተኛ መሆን፦ ለአዲስ ነዋሪ

ለሥራ ተመድቦ፣ ለትምህርት መጥቶ ወይም አግብቶ ደሴ የገባ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ነው። አለ፤ ወደ መጨረሻው አመጣዋለሁ። ደሴ ለሚኖርባት ሰው ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ቡና፣ ከዚያ ቅሬ (እድሩ)፣ ሽርሽር ከሁሉም በኋላ። ገልብጦ የጀመረ ሰው ጦሳ ተራራ ላይ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሐይቅ ወርዶ ዓሣ በልቶ፣ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዝውውር ይጠይቃል።

ጦሳን በዓይን ያዙ

ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፣ ይለመዳል። ብርዱም ይለመዳል፤ እሱ ግን ያለ ጋቢ አይሆንም።

በምዕራብ ጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ናቸው። ከተማዋ በሁለቱ መሃል ተዘርግታለች፤ ቦርከና ሰንጥቋት ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አቅጣጫ ለመያዝ ጦሳ ብቻውን ይበቃል። በቀኛችሁ ከሆነ ፊታችሁ ወደ ደቡብ ነው፣ ወደ ኮምቦልቻ። በግራችሁ ከሆነ ወደ ሐይቅ ከተማና ወልድያ። ጉም ሲወርድ ተራራው ይጠፋል። ያን ጊዜ ሰው መጠየቅ ነው።

ባጃጅ ስትይዙ የመንገድ ስም አትጥሩ። የሚሠራው የሰፈር ስምና ምልክት ነው፦ ፒያሳ፣ አራዳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሸዋ በር፣ ሆጤ፣ ሙጋድ፣ ሳላይሽ፣ ሮቢት፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ጢጣ። ወይም «ወይዘሮ ስህን ጋ» ትላላችሁ። ወይዘሮ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው፤ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት የማያውቅ የደሴ ሰው የለም። ባጃጁ ከሌላ ሰው ጋር የሚያስኬዳችሁ ይሁን በኮንትራት፣ ሳትገቡ ጠይቁ። ለመውረድ «ወራጅ አለ» በቂ ነው። እግረኛ ሆናችሁ መንገድ ስትጠይቁ ደግሞ «ትንሽ ከፍ በሉ» ከተባላችሁ ውሃ ያዙ። የደሴ ሰው «ትንሽ» የሚለው በራሱ እግር ለክቶ ነው።

ቤት ስታዩ ከጀርባው ጀምሩ

ይህን በደንብ አንብቡት፤ ደሴ ላይ ብዙ ነገር የሚወሰነው በቤት ምርጫ ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ነች። የመሬት መንሸራተት እዚህ የታወቀ ችግር ነው፤ በተለይ ተራራው ሥር ተቆፍሮ በተሠሩ ቤቶች። ደላላው በፊት በር ያስገባችኋል፤ ቀለሙን፣ ሴራሚኩን፣ አዲሱን በር ያሳያችኋል። እናንተ «ጀርባውን ልየው» በሉ።

ከቤቱ ኋላ የተቆረጠ አፈር ይኖራል። በአፈሩና በግድግዳው መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ ወይ? የውሃ መውረጃ ቦይ አለው? ቦዩ ወዴት ይሄዳል? የታችኛው ጎረቤት ግድግዳ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ክረምት በገባ ቁጥር ጠብ ተከራያችሁ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡና በተራራው በኩል ያለውን ግድግዳ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብላችሁ በመዳፋችሁ ንኩት። ቀለሙ አዲስ ቢሆንም ርጥበት በእጅ ይታወቃል፤ ይቀዘቅዛል፣ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት መዳፍ ላይ ይቀራል። ቁም ሣጥን ሆን ተብሎ እዚያ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ካገኛችሁት አስነሡት። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ፣ ሲዘጋ ወለሉን የሚፍቅ በር፣ ዘመም ያለ አጥር፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ አመስግናችሁ ውጡ። ኪራዩ የረከሰበት ምክንያት እሱ ነው።

የሚቻል ከሆነ ዝናብ በዘነበ ማግስት እዩ። በበጋ ሁሉም ቤት ጥሩ ነው።

ፀሐይንም ጠይቁ። ጦሳ ሥር የተጠጋ ቤት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቶሎ ይሸሸዋል። አዝዋ በኩል ያለው ደግሞ ጠዋት አርፍዶ ነው የሚሞቀው። ልጅ ላለው ወይም ቤት ውሎ ለሚሠራ ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም። ልብስ የሚደርቀው በፀሐይ ነው፤ ሐምሌ ላይ ካልሲ ስታሰጡ ታስታውሱኛላችሁ።

ስለ ውሃ አከራዩን አትጠይቁ። አከራይ ሁሉ «ኧረ ውሃው አይጠፋም» ነው የሚለው። በር ላይ ጀሪካን የያዘች ጎረቤት ፈልጉና «እህቴ፣ ውሃ በስንት ቀኑ ነው የሚመጣው?» በሉ። ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ትነግራችኋለች። ሌሊት የሚመጣ ከሆነ ሮቶ ያስፈልጋል፤ ሮቶው ደግሞ የግቢው ሁሉ ነው ወይስ የአከራዩ ብቻ? ይህ ጥያቄ ከውል በፊት ነው የሚጠየቀው።

ባጃጅ እስከ በር ይገባል? ካልገባ ስንት ደረጃ ትወጣላችሁ? ደረጃው ድንጋይ ነው አፈር? አልጋና ፍሪጅ የሚያወጣ ተሸካሚም የሚያስከፍለው ይህን አይቶ ነው። አንድ ጊዜ ሲመሽ በእግራችሁ ወጥታችሁ እዩት። የቀኑ መንገድና የማታው መንገድ አንድ አይደሉም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክር ይኑረው፤ መብራትና ውሃ በማን እንደሚከፈል ይጻፍ። ቀበሌ ሄዳችሁ ነዋሪ ለመሆን ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል፣ ሳትመጡ አስቀድማችሁ አውጡት። ለአንድ ወረቀት ተመልሶ መሄድ የሚያናድድ ነገር ነው።

ቡና ሲጠሯችሁ «ሥራ አለኝ» አትበሉ

ዕቃ ባራገፋችሁ ቀን ወይም በማግስቱ አንዲት ጎረቤት በአጥር ብቅ ብለው «ኑ ቡና ጠጡ» ይሏችኋል። የምትመልሱት «እሺ እትዬ፣ መጣሁ» ነው። ፈተናውም ግብዣውም እሱ ነው። ባዶ እጅ መሄድ ነውር አይደለም፤ ዳቦ ወይም ስኳር ይዞ የሄደ ግን ይወደዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ቡናውን ራሳችሁ ያዙ፣ ጥሬውን።

ገብታችሁ ቁጭ ስትሉ ቀድመው የተቀመጡትን ትልቅ ሰው አስቀድማችሁ ሰላም በሉ። ለትልቅ ሰው «አንቱ» ነው፤ ደሴ ላይ በዚህ ቀልድ የለም። ሐጂ የሆኑትን «ሐጂ» በሉ፣ አባወራውን «ጋሼ» ወይም «አያ» ብትሉ ያምራል። ሳር ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቆሎ ወይም ንፍሮ ይዞራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በአቦል ተነሥታችሁ መሄድ «ለቡናው ብቻ ነው የመጣሁት» እንደማለት ይቆጠራል። ወሬው የሚጣፍጠው ቶና ላይ ነው፤ ምርቃቱ በረካ ላይ። ትልቁ ሰው ዱዓ ሲያደርጉ ክርስቲያንም ብትሆኑ እጃችሁን ዘርግታችሁ «አሚን» በሉ። ወሎ ነው፣ ማንም አይገረምም። እናታችሁ ታማ እንደሆነ ከተናገራችሁ ምርቃቱ ውስጥ ትገባለች። በሚቀጥለው ሳምንትም «እናትሽ እንዴት ሆኑ?» ይባላል።

ጫት የሚቃምበት ቤት ከገባችሁ፣ የማትቅሙ ከሆነ «አልቅምም፣ ቡናውን እጠጣለሁ» በሉ። ማንም ቅር አይለውም። ትምክህት የመሰለ ምክር መስጠት ግን ቡናውን ያበላሻል።

እዚያ ጉባኤ ላይ የምታገኙት መረጃ ከማንኛውም ቢሮ ይበልጣል። የትኛው ወፍጮ ቤት ዱቄቱን እንደማያቃጥል፣ የትኛው ቧንቧ ሠሪ ሳይቀጣጥር እንደሚመጣ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንደሚለቅ፣ ሞግዚት የምትሆን ልጅ ማን ጋ እንዳለች። ጻፉት፤ ግን ወጥታችሁ ጻፉት።

ቅሬ ግቡ፣ በቶሎ

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ደሴ ላይ ቤት ይዞ ቅሬ የሌለው ሰው እንደ እንግዳ ነው የሚታየው፤ ዓመትም ይቀመጥ። አገባቡ ቀላል ነው። ቡና ያጠጧችሁን ጎረቤት «የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ማን ናቸው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ዳኛው ዘንድ ከጎረቤቱ ጋር ሆናችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን ከመሄድ ሰው አስተዋዋቂ ይዞ መሄድ ይሻላል። የመግቢያ ክፍያውን፣ የወሩን መዋጮ፣ ቀርቶ የሚያስቀጣውን ይነግሯችኋል። ስማችሁ መዝገብ ላይ ሲወጣ የቤተሰባችሁንም አስጽፉ። አብራችሁ የምትኖር አክስት ወይም የባል እናት ካለች በተለይ ጠይቁ፤ የማን ሞት ላይ ቅሬው እንደሚወጣ ደንቡ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል።

ገንዘቡ ትንሹ ነገር ነው። ዋናው መገኘት ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ወይም ስልክ ሲደወል ሥራችሁን አስፈቅዳችሁ ትወጣላችሁ። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም፤ ጠዋት ሰምቶ ከሰዓት እደርሳለሁ ያለ ሰው ሁሉ ነገር አልቆ ያገኘዋል። በብዙ ሰፈር ቅሬው ክርስቲያንና ሙስሊም አይለይም። ስለዚህ የሌላውን ሥርዓት በትንሹ እወቁ። ክርስቲያኑ አስከሬኑን አጅቦ እስከ መቃብሩ ይሄዳል፣ ሶላት ሲሰገድ ከኋላ ይቆማል። ሙስሊሙም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ ሸኝቶ ከቅጥሩ ውጭ ይጠብቃል። ማንም አስረድቶ አይነግራችሁም፤ አጠገባችሁ ያለውን እያያችሁ አድርጉ።

ድንኳን ውስጥ የምትቀመጡት ለመታየት አይደለም፤ ግን ትታያላችሁ። ወጣት ከሆናችሁ ወንበር አንሡ፣ ውሃ ቅዱ። ሴቶች ምግብ የሚያመጡበት ተራ አለ፤ ተራችሁ መቼ እንደሆነ ጠይቁ፣ እስኪነገራችሁ አትጠብቁ። ብቻውን የሚኖር ወንድ ሠራተኛ «ምን ላምጣ?» ሲል ብዙ ጊዜ «አንተ ሰውየውን አጫውት» ይባላል። እሱም ሥራ ነው።

የሠርግና የበዓል ነገርም ከዚሁ ይቀጥላል። ዐረፋና ኢድ ላይ ትጠራላችሁ፣ ገናና ፋሲካ ላይ ትጠራላችሁ። እናንተ ስትጠሩ ሥጋውን ለዩ። ክርስቲያን ከሆናችሁ ለሙስሊሙ እንግዳ ራሱ ሙስሊሙ ይረድ፣ ድስቱም ይለይ፤ ሙስሊም ከሆናችሁም እንደዚያው በተቃራኒው። ከጠላው ጎን ቀሪቦ ወይም ብርዝ አስቀምጡ። ጎረቤቶቻችሁ ይህን ከእናንተ በተሻለ ያውቁበታል፤ ሳምንት ሲቀረው «እንዴት ላድርግ?» ካላችኋቸው ማጀቱን ራሳቸው ይረከቡታል።

ሰኞ ገበያ

ሰኞ ነው፣ በጠዋት ነው። ፈቃድ የሚገኝ ከሆነ የመጀመሪያውን ሰኞ ለዚሁ አውሉት። ማሽላው ከቆላ፣ ገብስና ባቄላው ከደጋ ይመጣል። በጣሳ ስትገዙ ጣሳው ሥር የተጠቀጠቀ ነገር እንዳይኖር ገልብጣችሁ እዩ፤ ነጋዴዋ አትቀየምም፣ የለመደችው ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምታችሁ ዝም በሉ። ዝምታ ደሴ ላይ ከክርክር በላይ ዋጋ ያወርዳል። ጋቢና የሱፍ ባና ከዚህ ይገዛል። ባናውን ለማየት ብርሃን ላይ ዘርጉት፤ ሸማኔው የቆጠበበት ቦታ በዚያ ይታያል። ኪሳችሁን ጠብቁ፤ ገበያ ገበያ ነው።

አሁን ሽርሽር

የከተማው ውስጥ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን አይጠየፍ አዳራሽ እዩ። ንጉሡ በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ድል እስከሆኑ ድረስ ወሎን የገዙት ከደሴ ነበር። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፎ ተጎድቷል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ምን ክፍት እንደሆነ አጣሩ። ጠዋት ሮጥ ሮጥ ለሚል ሆጤ አለ።

ጦሳን ለመውጣት ክረምቱ ይውጣ። ጭቃው አያስኬድም፣ ጉሙም ምንም አያሳያችሁም። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ ብቻችሁን ሳይሆን ከሰፈር ልጆች ጋር። ውሃና ዳቦ ያዙ፣ ስትወርዱ ጉልበታችሁን የሚደግፍ ዱላ ቁረጡ። ከላይ ከተማዋ እንዳለች ትታያለች፤ የራሳችሁን ቆርቆሮ ጣሪያ መፈለግ የግድ ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል።

ከከተማ ስትወጡ ግን መጀመሪያ መናኸሪያ ሄዳችሁ ስለ መንገዱ ሾፌሮችን ጠይቁ። በዚህ ዘመን ትናንት ሰላም የነበረ መስመር ዛሬ ላይኬድበት ይችላል፤ ሾፌሮቹ ከማንም ቀድመው ይሰማሉ። «ዛሬ ተዉት» ካሏችሁ ተዉት።

መንገዱ ደህና ከሆነ ወደ ሰሜን ቦሩ ሜዳ ቅርብ ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ። ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ይበላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት የተከሉበት ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም፤ ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ተነጋገሩበት።

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ናት። ሽርሽሩ ግን ግማሹ መንገዱ ነው። ሐረጎ ላይ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል። የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ፊት ወንበር ያዙ፣ ሎሚ ይዛችሁ አሽትቱ፣ ስልክ አትመልከቱ። ታች ስትደርሱ ሹራብ ይወልቃል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፦ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። ደሴ ላይ ብርዱ አጥንት ሲገባ አንድ እሑድ ወርዶ ፀሐይ መሞቅ፣ በረንዳ ላይ ጁስ መጠጣት፣ ሜዳ መንገድ ላይ ሳያለከልኩ መሄድ ብቻውን ይበቃል።

ለመመለስ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ሁኑ። ሲመሽ ሚኒባሱ ይቀንሳል፣ ታሪፉ ይጨምራል፣ ሐረጎ ላይም ጉም ይወርዳል። ካመለጣችሁና ሾፌሩ «በኮንትራት ላውጣችሁ» ካላችሁ፣ ኮምቦልቻ አልጋ ይዛችሁ አድራችሁ ጠዋት ውጡ።